በሃምሳው ረቡዕ

ግራዝ፣ ኦስትሪያ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ሀብተሥላሴ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለቦንጋ ዘመድ ሁሉ የጤና ያድርግልን። የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎት እማዬ ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም እዚያው የአረጋውያን መኖሪያው ወጥ ቤት ነው። እጄ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ከማለቱ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም።

«ቁም ነገር በስልክ አይወጣኝም፤ ጻፊልኝ» ስለሚሉ ይኸው በወረቀት መጣሁ። ከምናበላቸው ሽማግሌዎች ሦስቱ ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልም ወተትም ቅቤም አይነኩም። አንደኛው ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያረቡ ኖረው ነው የተዉት። «ወተቱ እንዲታለብ ጥጃውን ከእናቱ እለያለሁ፤ ወይፈኑንም ለቄራ እሸጣለሁ። ሥጋውን ትቼ ወተቱን ብጠጣ ማንን አታልላለሁ?» ይላሉ። እንቁላሉም እንዲሁ ነው፤ በትልልቅ እርባታ ወንድ ጫጩት ስለማይጥል በተፈለፈለ ቀን ይገደላል አሉኝ።

አለቃዬ ይህን ሰምታ «እናንተም አገር ግማሹን ዓመት እንዲህ ነው አሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ገጽ ጻፊልንና በመመገቢያው ግድግዳ እንለጥፈው» አለችኝ። ጋሼ፣ እኔ ጾምን የማውቀው እማዬ ሽሮ ስትሠራ ብቻ ነው! ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። በፋሲካ ቤታችን ሲመጡ እንኳ ጎመን በዘይት ለብቻ ይሠራልዎ ነበር። እንደ መምህርነትዎ ያስረዱኝ። የራስዎንም ምክንያት ይጨምሩበት፤ ፎቶ ካለዎትም ይላኩልኝ።

አክባሪዎ
ትሕትና


ቦንጋ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

የእናትሽ የአክስት ልጅ ብቻ ሆኜ ሳለ እንደ አጎት ስለምታስቢኝ እግዚአብሔር ያስብሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት የፊደል ግድፈት አግኝቼበት በቀይ አርሜ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትመጪ ትረከቢዋለሽ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ወተትም እንቁላልም ከሥጋ የወጣ ነውና እንደ ሥጋው ይቆጠራል ብላ ነው። አዳም በገነት ሳለ ፍሬና ቅጠል ይበላ ነበር፤ በጾም ወደዚያ ማዕድ እንመለሳለን ማለት ነው። ይህን በደንብ ጻፊው።

እኔ ከራሴ የምጨምርልሽ አለ። በእኛ አገር ሥጋ የበዓል ነገር ነው። ጾም ሥጋን ብቻ የሚከለክል ቢሆን ድሀው ሰው መጾሙንም ሳያውቅ ዓመቱ ባለቀ። የሚያጓጓው በየቤቱ ያለው ነው፤ ቅቤው፣ እርጎው፣ ዶሮዋ ጥላ የምትጮህበት እንቁላል። ጾም ጾም የሚሆነው በእጅ ያለውን ሲተው ነው። ለሽማግሌው ሰላምታዬን ንገሪያቸው፤ ትክክል ናቸው። ማርም አይበሉም የሚሉኝ እውነት ከሆነ ግን ለካፋ ሰው ይህን አታሰሚ። ማር ከቀረብን በምን ልንጾም ነው?

ስለ እኔ የጠየቅሽው ያው ልማድ ነው፤ ሆዴ አይቀበለውም። እሱን አትጻፊው። ፎቶም የለኝም። ሰው ስታገኚ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ፤ ፊደሉ እየሸሸኝ ነው።

በያለሽበት ይጠብቅሽ።
ሀብተሥላሴ


ግራዝ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ?

መነጽሩን ለእረፍት ለሚመጣው ለኢሳይያስ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህች ደብዳቤ ጋር በእጅዎ ያስረክብዎታል። ጽሑፉ እንዴት እንደተወደደልኝ ብነግርዎ! ትንሽ አመፅኩብዎት እንጂ። ፎቶዎን ከእማዬ ተቀብዬ ከላይ ለጥፌዋለሁ፤ በሠርጓ ቀን ነጭ ኮት ለብሰው የተነሡትን። ከሥሩም «ወደ ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ በበዓል ቀን እንኳ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያልቀመሱት መምህር» ብዬበታለሁ። እማዬ ናት የነገረችኝ። «እሱ እኮ ጻድቅ ነው፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አይናገርም» አለችኝ። ሽማግሌው በየቀኑ ከምሳ በፊት ፎቶዎን በጣታቸው ነካ አድርገው ነው የሚቀመጡት።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። በልደቴ ቀን ለሥራ ባልደረቦቼ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ሄድኩ። አንዷ «ይቅርታ፣ እኔ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም አልበላም፤ እንቁላልም ወተትም» አለችኝ። አከበርኳት። በማግስቱ ለእሷ ብዬ ምስር በዘይት ሠርቼ አመጣሁላት። «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» አለች። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንቁላልና አይብ በዳቦ ስትበላ አገኘኋት። አይታኛለች። እኔም አየኋት።

ጋሼ፣ ያፈርኩት እኔ ነኝ። እሷ ዋሽታ እኔ አፈርኩ። ምስሬን ወስጄ ማንም ሳያየኝ ደፋሁት፤ ሳህኔንም እንደ ሌባ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?

የእርስዎ ግን የእውነት ነውና ያጽናናኛል። እባክዎ ምክንያቱን ይንገሩኝ።

ትሕትና


ግራዝ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ?

ኢሳይያስ መነጽሩን እንዳስረከበዎት ነግሮኛል፤ ደብዳቤዬንም ፊቱ እንዳነበቡ፣ ከዚያም ሻይ ሳይጠጡ ተነሥተው እንደሄዱ። አስቀየምኩዎት? ፎቶውን ያለ ፈቃድዎ በመለጠፌ ከሆነ ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። አንዲት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

መልካም ገና።
ትሕትና


ቦንጋ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

ገናን እንዴት ዋልሽ? እኛ በደህና ውለናል። ትናንት እናትሽ ዘንድ ነበርኩ። ሁሉም ዶሮ በላ፣ ለእኔ ጎመን መጣልኝ፤ ጎረቤታችሁ ፀዲም «ጋሼ፣ ለእኛም ይጸልዩልን» አለችኝ። አላስቀየምሽኝም። የደረጃው ነገር ግን አላስተኛ ብሎኛል። ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝና።

በ1990 በማንኪራ በኩል፣ ዛሬ በሌለች አንዲት የሁለት ክፍል ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ፍሬ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ ለገሰ ከሰል እያከሰለ፣ እናቷ ታንጉት ዶሮና አንዲት ላም እየጠበቀች ነው የሚኖሩት። ማንጆ ነበሩ። ይህን ቃል በእጄ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በአፌ ግን ልጅ ሆኜ ጓደኛ ሰድቤበታለሁ። አንቺም እዚህ ተወልደሽ ታውቂዋለሽ፤ ማንጆ ከሌላው ሰው ቤት ደጃፍ አያልፍም፣ እሱ የበላበት ዕቃ አይበላበትም፣ ከእሱ እጅ አይቀመስም ይባል ነበር።

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ፍሬን ብቻዋን ከምትቀመጥበት ከኋላ ወንበር አንስቼ ከፊት፣ ከሌሎቹ መሐል አስቀመጥኳት። ወላጆች መጥተው ጮኹብኝ፤ ንቅንቅ አላልኩም። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። በራሴ እንዴት እኮራ እንደነበር!

በዚያ ዓመት ቤተሰቡ ለጥምቀት ክርስትና ተነሥቶ የመጀመሪያ ሁዳዴውን ጾመ። የአጽዋማቱን ቁጥር ለልጅቷ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን እንደማይጾም፣ በጣቷ እያስቆጠርኩ። በግንቦት ለገሰ «መምህር፣ ለልጄ ስላደረጉላት ቤቴን ይርገጡልኝ» አለኝ። ሄድኩ። ግንቦት 12 ነበር።

ታንጉት ስድስት እንቁላል ቀቅላ፣ እርጎ በዋንጫ አድርጋ አቀረበችልኝ። ለገሰም ጎንበስ ብሎ «መምህር፣ ሳህኑ አዲስ ነው። ከቦንጋ ነው የገዛነው፣ ማንም አልበላበትም» አለኝ። የዋጋው ወረቀት ከሥሩ አልተላጠም ነበር። አየሽ፣ እንዳልጸየፋቸው እነሱ አስቀድመው ራሳቸውን ተጸየፉልኝ።

እኔም «ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ» አልኩ።

ልቤ እሺ ብሎ እጄ ነው የከዳኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ውሸት ነው። ልቤም እሺ አላለም። ስገባ ሁለት ሰዎች ከመንገድ አይተውኛል፤ ያከራየችኝ ሴት ማታ ቤቷ ታስገባኝ ይሆን ብዬም አስቤያለሁ። ግን ማንም ባያየኝም አልበላም ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ደግሞ ለምን ጾምን እንደመረጥኩ ታውቂያለሽ? ሥጋ አልወድም ብል እንቁላል ይቀርብልኛል፣ እንቁላል አይስማማኝም ብል እርጎው አለ። ጾም ሁሉንም በአንድ ቃል ይዘጋል።

ፍሬ ጣቷን ቆጥራ «መምህር፣ ሃምሳው እኮ አላለቀም። ዛሬ አይጾምም» አለች። ልጅ ናት፤ ያስተማርኳትን ነው የመለሰችልኝ። ለገሰ ቀስ ብሎ እጇን ያዘና «ዝም በይ። መምህር የራሱ ጾም ይኖረዋል» አላት። ሳህኑን ራሱ አነሳው።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ፍሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አገኘኋት። ማንም ሂጂ አላላትም። እኔም ተመለሽ አላልኳት። በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም።

ለገሰ «መምህር የራሱ ጾም አለው» እያለ ለመንደሩ ነገረ፤ እኔን ከኀፍረት ሊያወጣኝ። ውሸቴ እንዳይታወቅ ስል እዚያ እያለሁ ሥጋም እንቁላልም ወተትም ተውኩ። በክረምት ቦንጋ ወርጄ አንድ ሆቴል እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። ገና ስጎርስ ለገሰ ከሰል ተሸክሞ በወጥ ቤቱ በር ገባ። ሳህኔን አየው። «እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አለኝና ፊቱን ቶሎ ወደ ግድግዳ አዞረልኝ። ከዚያች ጉርሻ ወዲህ አልቀመስኩም። ሰው ጻድቅ ይለኛል፤ ዝም ብዬ እቀበላለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የጾምኩት ኀፍረቴን ነው።

ፍሬ ሺሺንዳ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት አይቻታለሁ። አልወረድኩም።

ፎቶዬን ከዚያ አውርጂልኝ።
ሀብተሥላሴ


ግራዝ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፎቶውን አውርጃለሁ። ሽማግሌው የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ።

ልዋሽዎት አልችልም፣ ተናድጃለሁ። ሦስት ቀን በእርስዎ ተናደድኩ፤ በአራተኛው ቀን በቤታችን በር ጀርባ የነበረችው ስኒ ትዝ አለችኝ። ያስታውሷታል? ጆሮዋ የተሰበረች ሰማያዊ ስኒ፣ ምስማር ላይ የምትንጠለጠል። ከሰል የምታመጣልን ሴትዮ ውኃ ስትጠይቅ በእሷ ነበር የምንሰጣት። እማዬ «የከሰሏ ስኒ» ትላት ነበር። የማወርዳት እኔ ነበርኩ፤ መልሼ ስሰቅላት ደግሞ በሁለት ጣቴ ጫፍ ይዤ። የሴትዮዋን ስም አላውቅም። ስምንት ዓመት ውኃ ሰጥቻት ስሟን አልጠየቅኳትም። እዚህ አንዲት ሴት ምስሬን ስላልበላችልኝ ግን ሁለት ገጽ አለቀስኩልዎት።

ጋሼ፣ ለእኔ መናዘዝዎ ለፍሬ ምን ያደርግላታል? እኔ ሩቅ ነኝ፣ ይቅር ማለትም የእኔ አይደለም። ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል። ከዚያ በፊት ሺሺንዳ ይሂዱና ከእጇ እንቁላል ይብሉ። ካልሄዱ ግን እባክዎ ስለ ጾም አይጻፉልኝ።

ይህን በማለቴ ድፍረት ከሆነብኝ ይማሩኝ።
ትሕትና


ቦንጋ
የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

እንዴት ከርመሻል? ቆጥተሽኛል፤ ደግ አድርገሻል። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ጾሙ ሳይገባ ብዬ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳሰናዳ ነበር፤ ሦስት ዓይነት መግቢያ አዘጋጀሁ። ሺሺንዳ ስወርድ ሦስቱም ጠፉብኝ።

ሻይ ቤቷ ሦስት ጠረጴዛ አለው። ሁለት ሾፌሮች ይበላሉ። እሷ ወፍራለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ተቀመጥኩና «እንቁላል ፍርፍር አለ?» አልኩ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፣ መምህር» አለችኝ።

ትሕትና፣ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀኑ ሁሉ ጾም ሆኖብኝ ረቡዕን ከማክሰኞ መለየት ትቻለሁ። ሾፌሮቹ ሳቁ።

«ግድ የለም፣ እኔ ዛሬ መብላት አለብኝ» አልኳት።

«እኔ በጾም ቀን እንቁላል አልሰብርም። ቁጥሩን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ባቄላ ወጥ በቆጮ አመጣችልኝ። ሳህኑን ስታስቀምጥ «አዲስ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚበላበት ነው» አለችኝ። በላሁ። ጠርጌ በላሁት። ሾፌሮቹ ሲወጡ «ፍሬ፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቀዋለሁ፣ መምህር። እኔም ነበርኩበት» አለችኝ። ጠረጴዛ ስትወለውል ቆይታ ስነሣ «አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። እስኪሞት ድረስ መምህር የራሱ ጾም አለው ሲል ነበር። አንድ ቀን ውሸት ነው ስለው በትር አነሳብኝ» አለችኝ።

ቆሜ አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም፤ መብቷ ነው። በር ላይ ስደርስ ግን ጠራችኝ። «እናቴ አለች፣ እዚያው ማንኪራ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ሲገባ፣ በረቡዕ ይሂዱ።»

እንግዲህ እጠብቃለሁ። ዘንድሮ ሁዳዴን እንደ ሰው ቆጥሬ እጾማለሁ፤ መጨረሻ ያለው ጾም ይዤ አላውቅም ነበር።

ሀብተሥላሴ


ቦንጋ
ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ። የጫማዬ ጭቃ ሳይደርቅ ነው የምጽፍልሽ።

ታንጉት ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ፍሬ አስቀድማ ልካባት ኖሮ እንቁላሉ በድስት ውኃ ውስጥ ነበር። ያዘጋጀሁትን ይቅርታ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ለገሰ ቢሰማህ ጥሩ ነበር» አለችኝ። አዎ፣ ጥሩ ነበር። ዘገየሁ፤ ይህን የሚያስተካክል የለም።

ያ ሳህን የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኳት። «በላንበታ! እስኪሰበር በላንበት። ምን ልናደርገው ኖሯል?» አለችኝና ሳቀች።

እንቁላሉን መላጥ አቃተኝ። ተቀብላኝ በራሷ እጅ ላጠችው፣ በጨው ነክራ አጎረሰችኝ። ጣዕሙን ረስቼው ነበር። እንዲያ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሁለተኛውን ራሴ በላሁ፤ ሆዴ አይቀበለውም ያልኩሽም ውሸት ኖሯል።

ለሽማግሌው እውነቱን ንገሪያቸው። እሳቸው ለጥጃው ብለው ተዉ፣ ሌላው ለእግዚአብሔር ብሎ ይተዋል፤ እኔ ዋሽቼ ነው የተውኩት። የከሰሏን ሴትዮ ስም ደግሞ እናትሽን ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም። ሰፈሩን እያጠያየቅኩ ነው።

ልሄድ ስነሣ ታንጉት በሩ ድረስ ይዛኝ ወጣች። ደህና ሁኚ አልኳት። ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረችና «ዓርብም አይጾምም» አለችኝ።

ሀብተሥላሴ